የዘመደ ብዙ ፈቃድ

ሠፈሩ «ዘመደ ብዙ» ይላታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም፤ ከደጃፏ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ ሌላው ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል። የእህት ልጅ ነው፣ የአክስት ልጅ ነው፣ የአማቷ ወንድም ነው፣ የባሏ አጎት የልጅ ልጅ ነው፤ ዘመዱ ማለቂያ የለውም። አንድ ጊዜማ ፀጉራቸው እንደ ገለባ የነጣ፣ ከአገሩ ቋንቋ አንዲት ቃል የማያውቁ ባልና ሚስት መጥተው ሰነበቱ። እነሱንም ሳይቀር «በባሌ ወገን በጋብቻ የተዛመዱን ናቸው» ብላ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ለጎረቤት አስተዋወቀች። ጎረቤት ሰላምታ ሰጠ፣ ባልና ሚስቱም በፈገግታ መለሱ፣ ነገሩ በዚሁ አለፈ።

እውነቱን ለመናገር ዘመደ ብዙ አንዲት ልጇንና የልጅ ልጆቿን ትተን በዚህ ዓለም ላይ ይኼ ነው የሚባል ዘመድ የላትም። የቀሩት ሁሉ ከፍለው የሚያድሩ እንግዶች ናቸው።

ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ክፍል ስታጸዳና አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። አንሶላ ስትወጥር አይታችሁ ቢሆን! አንዴ ታራግበዋለች፣ አየር ይዞ ሲወርድ በእጇ መዳፍ ትቀበለዋለች፣ ማዕዘኑን አጥፋ ከፍራሹ ሥር ስትሸጉጠው ስለት ያለው ነገር ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ያንን አልጋ እንግዳው እስኪመጣ ማንም አይነካውም። በተነጠፈ አልጋ ላይ መቀመጥ በሆቴል ሠራተኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እሷም በዕድሜዋ አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም። ቢደክማት መሬት ላይ ትቀመጣለች እንጂ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሁለቱም ለፍተው ጠባብ ፎቅ ቤት ሠሩ፤ ከታች ሳሎንና ማድ ቤት፣ ከላይ መኝታ ክፍሎች፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት። ልጃቸውን እዚያው አሳድገው ዳሩ። አሁን እንረፍ ሲሉ፣ ባሏ አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ዘመደ ብዙ ብዙ አለቀሰች። እንባዋ ሲደርቅ ቤቱ ሰፍቶባት ጡረታዋ ጠቦ አገኘችው። ጡረታው ለእሷ አያንስም ነበር፤ ግን ቤት እንደ ሰው ይታመማል፤ ዛሬ ጣራው ያፈሳል፣ ነገ ቧንቧው ያንጠባጥባል።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከድሮ ሆቴሏ እንግዳ ተቀባይዋ ደወለችላት። ሆቴሉ ሞልቶ አንድ ጨዋ ሰው ማደሪያ አጥቷል፤ እባክሽ ከላይ ካሉት ክፍሎችሽ በአንዱ አሳድሪው፣ ይከፍልሻል አለቻት። ዘመደ ብዙም እሺ አለች። ሰውየው አመሻሽ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ ግን፣ ከፊት ለፊቱ ቤት ልብስ ሰፊው አንገቱን በመስኮት አወጣ። ይህ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን መስኮት ሥር ያስቀመጠው ለብርሃኑ ነው ይላል፤ እውነቱ ግን በጎዳናው ላይ ድመት እንኳ ሳያያት እንዳታልፍ ነው።

«ማን መጣ?» ሲል ጠየቀ።

እንግዳ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ግን በዚያ ጎዳና መኝታ ክፍሏን ለማታውቀው ሰው ያከራየች መበለት ቸገራት ማለት ነው። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለችው ባለሱቅ ገንዘብ አልቀበልም ማለት ትጀምራለች፣ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አይዞሽ ይላታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ አይዞሽ እስከ አፍንጫዋ ደርሶ ነበር።

«የእህቴ ልጅ ነው» አለች። እህት የላትም።

ውሸቱ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመለስ አልሆነም። እንግዳው ሌላ እንግዳ ላከ፣ ያም ሌላ ላከ። እሷም እያንዳንዱን በር ላይ ተቀብላ ታስጠናው ጀመር፤ በዚህ ጎዳና የእህቴ ልጅ ነህ፣ ሰው ከጠየቀህ እናትህ ደህና ናት በል። እንግዶቹ በጣም ወደዱት። ሆቴል ቢያድሩ ቁልፍ ነው የሚሰጣቸው፤ እዚህ ግን ቤተሰብ ይሰጣቸዋል። አንዳንዶቹ በየጊዜው እየተመላለሱ አክስቴ ማለት ለመደባቸው። እንዲያውም አንዳንዱ ገና በሩን ስትከፍትለት፣ እሷ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ «እንዴት ነሽ አክስቴ» ይላታል። ይህን ለደግ ፊቷ ቆጥራ በሆዷ ትኮራ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ቤቱም ዳነ፤ ጣራው ተጠገነ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ።

በጎዳናው ጫፍ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግን ሌላ ጉድ ነው። ድሮ ቤተሰቦች ተከራይተው የሚኖሩበት፣ ሕፃናት በደረጃው የሚንጫጩበት ሕንፃ ነበር። አዲስ ባለቤት ገዛውና ተከራዮቹን አንድ በአንድ አስወጣ፤ በየበሩ ቁጥር እየተጫነ የሚከፈት ቁልፍ ገጠመ፤ ከዚያ በኢንተርኔት በቀን ሂሳብ ማከራየት ጀመረ። እሱን ራሱን በዓይኑ ያየው የለም። እንግዶቹ በሩ ሲጠፋባቸው የልብስ ሰፊውን መስኮት ይደበድባሉ። ቆሻሻቸውን በባለሱቋ ደጃፍ ይከምራሉ። አንድ ጊዜ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ጎዳናውን ሲያጥለቀልቀው ሠፈሩ ባልዲ ይዞ ወጣ፤ ግን ለማን ይደወል? ውሃው ራሱ ደክሞት እስኪያቆም ሲቀዱ ዋሉ።

ልብስ ሰፊውና ባለሱቋ በዚህ ተንገብግበው ሠፈሩን አስተባበሩና ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄዱ። ሌላውም ሠፈር እንዲሁ ሲያማርር ከርሞ ስለነበር ማዘጋጃ ቤቱ ሰማ፤ ሕግ ወጣ። ከእንግዲህ ቤቱን በቀን የሚያከራይ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ። ባለቤቱ ወይም ኃላፊነት የወሰደ ሰው እዚያው ይኑር፣ ስልኩም በጎረቤት እጅ ይገኝ። እሳት ማጥፊያ ይኑር፣ መስኮቱ የሚከፈት ይሁን። አዳሪ በበዛባቸው ጎዳናዎች ደግሞ አዲስ ፈቃድ የለም፤ የሚያገኘው ከሕጉ በፊት ያከራይ የነበረና እንግዶቹም ሰው ያላስቸገሩ መሆኑን ጎረቤቶቹ ቆመው የመሰከሩለት ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ዜናውን ከጋዜጣ ላይ በመስኮቱ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። ዘመደ ብዙ ሰገነት ላይ አንሶላ ስታሰጣ ሰማችውና ልቧ ድንግጥ አለ። ሕጉ ያለውን ሁሉ ታሟላለች፤ የምትኖረው እዚያው ነው፣ መስኮቷ ይከፈታል። ግን ጎረቤት ይመስክር? ጎረቤት የሚያውቀው የእህቷን ልጆች ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ክፍሎቹን ሲያይ ይበቃው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች፤ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ሄዳ አመለከተች።

የነገረችው ለልጇ ብቻ ነው። ልጇ ደግሞ ከድሮም እናቷ ደረጃ መውጣት መውረዱን ትታ እሷ ዘንድ እንድትኖር ትወተውታታለች።

«እማዬ፣ ፈቃዱን ካልሰጡሽስ?» አለቻት።

ካልሰጧት ቤቱን ሸጣ እሷ ጋ ልትገባ ቃሏን ሰጠች። ሌላ ምን ትላለች፤ ያለ እንግዳ ቤቱ አይቆምም። የልጇ ቤት ጥሩ ነው፤ አሳንሰር አለው፣ የልጅ ልጆቿንም በጣም ትወዳቸዋለች። ግን እዚያ የሚጠብቃት በልጆቹ ክፍል ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ ነው። ሰገነት የለም፤ ልብስ በማሽን ይደርቃል። ዕድሜዋን ሁሉ ለሰው አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት፣ የራሷን አልጋ ጠዋት ጠዋት አጣጥፋ ከግድግዳ ታስጠጋለች። ልጇ እንዳይከፋት ግን ይህን አልተናገረችም።

ከማዘጋጃ ቤት የተላከችው ተቆጣጣሪ ሥራዋን የምታውቅ ወጣት ነበረች። አንድ ልማድ አላት። ባለቤቱ ዘንድ ከመሄዷ በፊት መጀመሪያ ጎረቤት ጋ ትገባለች፤ ባለቤቱ መምጣቷን ቀድሞ ካወቀ ጎረቤቱን አስጠንቶ ይጠብቃታልና። ስለዚህ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ዘመደ ብዙ ፎቅ ላይ ፍራሽ ስትገለብጥ፣ ልጅቷ መታወቂያዋን በአንገቷ አንጠልጥላ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊው ጋ ገባች። ያቺ ባለ አረንጓዴ በር ክፍል ታከራያለች ወይ አለችው።

ልብስ ሰፊው መታወቂያውን አየ። መቀሱን አስቀመጠ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ፤ «እሷ ቤት የሚመጣው ሁሉ ዘመዷ ነው።»

ባለሱቋማ ባሰች። የዘመደ ብዙን ትውልድ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻት። ትልቁ የእህቷ ልጅ ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ ሁለተኛው መነጽር ይነግዳል፣ እናታቸውን ጉልበቷን ያማታል እንጂ እሷም በመጣች ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ለልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ ጋብዛ ሸኘቻት።

ዘመደ ብዙ በሩን ስትከፍት ተቆጣጣሪዋን አይታ ደስ አላት። ክፍሎቹን አሳየቻት። ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ የእሳት ማጥፊያውን አገላብጣ አየች፣ የደረጃውን መደገፊያ ነቀነቀች። አልጋዎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሆቴል ሠርተው ያውቃሉ ወይ ስትል ጠየቀቻት። ዘመደ ብዙ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ሳሎን ወርደው ተቀመጡ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ» አለች ልጅቷ። «ጎረቤቶችዎ እርስዎ አንድም ቀን ክፍል አከራይተው አያውቁም አሉኝ።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም።»

ዘመደ ብዙ ሰማይ ምድሩ ዞረባት። ኧረ አከራያለሁ፣ አሁንም እንግዳ አለኝ ብላ መማል ጀመረች። እንዳፏም በሩ ተከፈተና የመነጽር ነጋዴው ገባ። ይህ ጎልማሳ መነጽር በየከተማው እየዞረ የሚሸጥ፣ እያፏጨ የሚሄድ፣ እሷ ቤት ማረፍ ከጀመረ ዓመታት ያለፉት ደንበኛዋ ነው። ዘመደ ብዙ እፎይ አለች። ተቆጣጣሪዋም በትህትና፣ ይቅርታ፣ ለዚህ ቤት ምን ነዎት ስትል ጠየቀችው።

ነጋዴው በልጅቷ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየ። የዘመደ ብዙን የደነገጠ ፊት አየ። ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ደረቱን ነፋ።

«የእህቷ ልጅ ነኝ» አለ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «እናቴም ደህና ናት።»

«ተው እንጂ ልጄ፣ እውነቱን ንገራት» አለች ዘመደ ብዙ። «ከፍለህ አይደል የምታድረው?»

«ለአክስቴ ከፍዬ?» አለ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ። «ምን ነካሽ ዛሬ?»

ተቆጣጣሪዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ ግን ፊቷ የሥራ ፊት ነበር። ያልተነገራትን መጻፍ እንደማትችል፣ በመጪው ሳምንት በአካባቢው ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ሁሉም አመልካች እንደሚታይ፣ ጎረቤቶቿ እዚያ ቆመው ካልመሰከሩላት ግን ክፍሎቹ እንደሚዘጉ አስረዳቻት። ዘመደ ብዙን እጇን ይዛ ተሰናበተቻትና ሄደች።

ነጋዴው ነገሩ ሲገባው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ዘመደ ብዙ ልትቆጣው ፈልጋ አልሆነላትም። «እኔማ በሉ የተባልነውን ነው ያልኩት» እያለ ራሱን ሲያክ ሳቋ መጣባት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ጠፋ።

የቀራት አንድ መንገድ ነው፤ ሄዶ ለጎረቤት መናገር። በማግስቱ ልብሷን አስተካክላ ልብስ ሰፊው ጋ ገባች። ገና እግሯ ሳይገባ ሰውየው ብድግ ብሎ ተቀበላት፤ ያቺን ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ልጅ እንዴት አድርጎ አሳፍሮ እንደሸኛት ተረከላት። ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበባል። እንዲህ ደስ ብሎት እንዴት አድርጋ ትንገረው? ግራ ገብቷት መጋረጃ ልታሠራ እንደመጣች ነገረችው። ሜትሩን ይዞ ተከትሏት መጥቶ የሳሎኑን መስኮት ለካ። በሦስተኛው ቀን ድጋሚ ሄደች፤ አሁንም መጋረጃ አዘዘች። ከዚያ ባለሱቋ ጋ ገብታ ሳሙና ገዛች፤ ቁም ሳጥኗ ግን ሳሙና ሞልቶታል። በማግስቱም ሳሙና ገዛች።

የከበዳት ውሸቷን ማመን ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊው የ«እህቷን ልጅ» ሱሪ አሳጥሮ ገንዘብ አልቀበልም ያለበት ቀን ትዝ ይላታል። ባለሱቋ ለ«አማቷ ወንድም» ጃንጥላዋን ሰጥታ ራሷ በዝናብ እየበሰበሰች ሄዳለች። ይህን ሁሉ ደግነት በሐሰት ዘመድ ስም ስትበላ መኖሯን ስታስብ ፊቷ ይጋያል። ቢያውቁ ይቀየሙኛል፣ ባይቀየሙ ደግሞ ያዝኑልኛል ትላለች፤ የትኛው እንደሚብስ መምረጥ አቃታት።

የስብሰባው ዋዜማ ልጇ መጣች። እናቷን ለመርዳት ብላ፣ በቀና ልብ፣ ባዶ ካርቶኖች ይዛ ነበር የመጣችው። ፎቅ ወጥታ የምታስቀምጥበት ስታጣ አዲስ በተነጠፈው አልጋ ላይ ደረደረቻቸው።

ዘመደ ብዙ ካርቶኖቹን አየቻቸው። ከሥራቸው የተጨማደደውን አንሶላ አየች። ሄዳ መስኮቱን በረገደችው።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ብቅ ይበሉ» አለች ወደ ልብስ ሰፊው። «ባለሱቋንም ይጥሯት።»

ሁለቱ ከመጀመሪያው እንግዳ ወዲህ ያንን ፎቅ ረግጠውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ሳሎን ላይ ነው የምታስቀራቸው። አሁን በሩ ላይ ቆመው አዩ። ነጭ አልጋዎች፣ በየራስጌው የታጠፈ ፎጣ፣ በፎጣው ላይ ትንሽ ሳሙና፣ በበሩ ጀርባ እንግዳ ሲወጣ መብራት እንዲያጠፋ የሚያሳስብ ጽሑፍ። የዘመድ ክፍል እንዲህ አይደለም።

«እህት የለኝም» አለች ዘመደ ብዙ። «የእህት ልጅም የለኝም። የሚመጡት ሁሉ ከፍለው የሚያድሩ እንግዶች ናቸው። ይኼን ሁሉ ዘመን ዋሸኋችሁ።»

ልብስ ሰፊው ወደ ባለሱቋ ተመለከተ፤ ባለሱቋ ወለሉን ተመለከተች። ከዚያ ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እና ይኼን ለመናገር ነው መጋረጃ ስታሠሪኝ የሰነበትሽው?» አላት።

ዘመደ ብዙ የአንሶላውን ጠርዝ በመዳፏ አቃናች።

«በባልሽ ለቅሶ ጊዜ ወንበር ያቀረብኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዘመዶችሽ በሙሉ አንድ አግዳሚ ወንበር አልሞሉም። ከየት ይመጣል ይኼ ሁሉ የእህት ልጅ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

የመለሰችላት ባለሱቋ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው። «ያኔ እኮ እትዬ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። በርዎን አንኳኩተን እንመለስ ነበር። ያ የመጀመሪያው "የእህት ልጅ" በመጣ ማግስት ግን ፀጉርዎን አበጥረው፣ ቀና ብለው ሱቄ መጡ። እንግዳ አለብኝ፣ ጥሩ ሳሙና ስጪኝ አሉኝ። እንዳይሰበሩብን ብለን ዘመዱ ይብዛላቸው አልን፤ ስሙም ከዚያ ወጣ።»

ፈገግ አለች። «ደግሞ ቤቱ የት ነው እያለ ሰው የሚጠይቀው ማንን መሰለዎት? ሱቁ ጥግ ላይ ነው። አረንጓዴው በር ነው፣ ስትገባ አክስቴ በላቸው እያልኩ የላክሁት ስንቱን ነው።»

ዘመደ ብዙ በሩን ስትከፍትላቸው ገና ቃል ሳትተነፍስ አክስቴ ያሏትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች፤ ለደግ ፊቷ የቆጠረችውን ኩራት ሁሉ። ሳታስበው፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተነጠፈ አልጋ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቁና ለቅሶው አንድ ላይ መጣባት፤ በሳሙና የታሸገውን ቁም ሳጥኗን ስታስብ ሳቁ አየለ። ልጇ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሳች፣ በጉልበቷ ላይ አጣጠፈቻቸውና ይዛቸው ወረደች።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ የባለ አራት ፎቁ ተራ ደረሰ። ባለቤቱ ራሱ አልመጣም፤ አንድ ሽክ ያለ ወኪል ላከ። ቧንቧ ሲፈነዳ ማን ጋ ይደወል ተብሎ ሲጠየቅ ወኪሉ የኢንተርኔት አድራሻ ነገራቸው፤ አዳራሹ በሳቅ አወካ። እዚያው የሚኖር ኃላፊ ሰው እስኪያስቀምጡና ከክፍሎቹ አብዛኞቹ ወደ ቋሚ ተከራይ እስኪመለሱ ፈቃድ የለም ተባለ። ልብስ ሰፊው እጁ እስኪግል አጨበጨበ።

ቀጥሎ ባለ አረንጓዴ በሯ ተጠራች። ልብስ ሰፊው ብድግ ብሎ፣ ይህች ሴት እንግዳ እያሳደረች ዓመታት አስቆጥራለች ሲል መሰከረ። ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው የማሉልኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አለችው።

«እግዜር ይቅር ብሎኝ ዓይኔ እስካሁን በቦታው ነው» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «እይ ልጄ፣ ሕጉን አውጡልን ብለን ደጅ የጠናነው እኛ ነን። ስናስብ የነበረው ግን ያንን ሕንፃ ነው። አንቺ ስትመጪ የእሷን በር ስትጠሪ፣ በእኛው እጅ ቤቷን ያስዘጋንባት መሰለን። ደንግጠን ነው የዋሸነው።»

ተቆጣጣሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ባለሱቋ ዞራ እንግዶቹ አስቸግረዋችሁ ያውቃሉ ወይ ስትል ጠየቀች። ባለሱቋ ከእንግዲህ መዋሸት በቃኝ ብላ ስለቆረጠች አሰበችበት።

«አንዱ ማፏጨት ያበዛል» አለች። «ለእሳቸው እንነግራቸዋለን፣ እሳቸው ይቆጡታል፣ ያቆማል። የማን እንግዳ እንደሆነ እናውቃለንና።»

ከኋላ መስመር የመነጽር ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ተቆጣጣሪዋ ይህን ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ፈቃዱ እንደተሰጠ ተናገረች፤ በአንድ ግዴታ። ከዛሬ ጀምሮ የእህት ልጅ፣ የአማች ወንድም የሚባል ነገር የለም። እንግዳ እንግዳ ይባላል፣ ማረፊያ ቤት መሆኑን የሚናገር ሰሌዳም በሩ ላይ ይሰቀላል። ዘመደ ብዙ ሰሌዳ የሚለውን ስትሰማ ትንሽ ሸምቀቅ አለች፤ ልጇ ግን እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

ሰሌዳውን የሰቀለው ልብስ ሰፊው ነው፤ መሰላሉን ባለሱቋ ይዛለታለች። ዘመደ ብዙ መንገዱን ተሻግራ ከማዶ ሆና አየችው። አረንጓዴው በር ላይ ነጭ ሰሌዳ፣ ከጎኑ ደግሞ ነፋስ የሚያወዛውዘው አዲስ መጋረጃ። አታፍርበትም ኖሯል፤ እንዲያውም አማረባት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት ወጣት ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ከዚህ በፊት እዚህ ቤት አርፋ አታውቅም። ዘመደ ብዙ በሩን እንደከፈተችላት ልጅቷ ሞቅ ያለ ፈገግታ አሳየቻት።

«እንዴት ነሽ አክስቴ» አለቻት።

ዘመደ ብዙ አንገቷን አውጥታ ወደ ጥጉ ተመለከተች። ባለሱቋ ሱቋ ደጃፍ ቆማ፣ ደመና የሌለውን ሰማይ አንጋጣ ታያለች።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ፊት ለፊት መስኮቱ ተከፈተ።

«ማን መጣ?» አለ ልብስ ሰፊው።

የለመደው ምላሷ «የእህ...» ብሎ ጀመረ። ዋጠችው። ትንፋሿን ሰብስባ፣ ቀና ብላ፣ ጎዳናው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ መለሰች።

«እንግዳ ናት ጋሼ። ከፍላ የምታድር እንግዳ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን አውጥቶ ልጅቷን አያት። ፊቱ ላይ ቅር ያለው መሰለ።

«እኔ እኮ የአጎትሽ ልጅ መስላኝ ነበር» አለ።

ዘመደ ብዙ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት።

«መምሰሉንስ ትመስላለች» አለችና ሻንጣዋን ተቀብላ አስገባቻት።